መጽሐፍን ከአንባቢ ያገናኙ እጆች
የትናንሽ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች አጭር ታሪክ

የቤተ መጻሕፍት ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው ሕንጻውን ያሠሩት ባለጸጎች፣ ፕላኑን የነደፉት ባለሙያዎችና መጻሕፍቱን የደረሱት ጸሐፊዎች ናቸው። በመደርደሪያውና በአንባቢው መካከል ቆሞ «ይህን ያንብቡት፤ ሳይስማማዎት አይቀርም» የሚለው ሠራተኛ ግን በታሪኩ ገጽ ላይ እምብዛም አይገኝም። በተለይም የትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደመወዙ ዝቅተኛ፣ የሥራ መጠሪያውም አነስተኛ በመሆኑ፣ ያከናወነው ተግባር በመዝገብ ሳይሰፍር ከእርሱው ጋር ያልፋል። ለማን የትኛውን መጽሐፍ እንደ ሰጠ፣ ለምንስ ያንኑ እንደ መረጠ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ከምሕንድስና ሙያ የራቀ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ አይደለም። በመስኖ ሥራ ከግድቡ እስከ ዋናው ቦይ፣ ከዋናው ቦይ እስከ መጋቢው ያለው ድካም ሁሉ በመጨረሻ የሚለካው ውኃው ማሳው ላይ በመድረሱ ነው። በባህላዊ መስኖ በሚለማው የአገራችን ክፍል «የውኃ አባት» የሚባል ሰው አለ። ይህ ሰው የቦዩን አካሄድ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ፣ የአፈሩን ጠባይና የተራውን ቀን ጠንቅቆ ያውቃል። እርሱ ከሌለ ቦዩ ደኅና ሆኖ ሳለ አንዱ ማሳ በጎርፍ ሲጠረግ ሌላው በጥማት ይሰነጠቃል። የትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ለመጻሕፍት እንዲሁ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ቀጥሎ የሚቀርቡት የታሪክ ምሳሌዎች ይህንኑ ያስረዳሉ።

ሣጥን፣ ሠረገላና የጽዳት ሠራተኛው

እ.ኤ.አ. በ1901 በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሐገርስታውን በምትባለው ከተማ የዋሽንግተን አውራጃ ነጻ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ተከፈተ። የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ የነበሩት ወይዘሪት ሜሪ ቲትኮም ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ያሳስባቸው ነበር። የአውራጃው ነዋሪ አብዛኛው ገበሬ ነው። በየተራራው ሥርና በየሸለቆው ተበታትኖ የሚኖረው ይህ ሕዝብ ለመጽሐፍ ሲል ከተማ ድረስ አይመጣም። ስለዚህ ሠላሳ ያህል መጻሕፍት የሚይዙ ሣጥኖች ተዘጋጅተው በየመንደሩ ሱቅና ፖስታ ቤት ይቀመጡ ጀመር። በጥቂት ዓመታት ውስጥም የእነዚህ ጣቢያዎች ቁጥር ከስልሳ በላይ ደረሰ።

በማሠራጫ ሥራ ረገድ ሲታይ ይህ ትልቅ ውጤት ነበር። ነገር ግን ሣጥን አይናገርም። ባለሱቁ ስኳርና ላምባ ሲሸጥ ይውላል እንጂ ከሠላሳው መጻሕፍት መካከል የትኛው ለየትኛው ደንበኛ እንደሚሆን ለማሰብ ጊዜም ዝንባሌም ላይኖረው ይችላል። ከሱቁ ራቅ ብሎ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ ሣጥኑንም ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ ወይዘሪት ቲትኮም መጽሐፉን እስከ ቤቱ ደጃፍ የሚያደርስ ሠረገላ እንዲሠራ አደረጉ። ሠረገላው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1905 ሥራ ጀመረ። በሁለት ፈረሶች የሚሳብ ሲሆን በውጭ በኩል ባሉት መደርደሪያዎች ሁለት መቶ ያህል መጻሕፍት ይይዝ ነበር፤ መካከሉ ደግሞ ለጣቢያዎቹ የሚላኩት ሣጥኖች የሚጫኑበት ነው።

ሠረገላውን ይነዱ የነበሩት የቤተ መጻሕፍቱ የጽዳት ሠራተኛ አቶ ጆሹዋ ቶማስ ናቸው። ሰውየው በቤተ መጻሕፍት ሙያ የሠለጠኑ አልነበሩም። ሆኖም መንገዱንና ሰዉን ያውቁ ነበር። ይህ ምርጫ የችግር ብቻ ሳይሆን የማስተዋልም ጭምር ነበር ለማለት ይቻላል። በገጠር ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ መጽሐፍ ሳይሆን ስለ መንገዱ፣ ስለ አዝመራውና ስለ ጎረቤት ጤና ነው። ይህን ለመመለስ የማይችል ሰው መጽሐፍ ለማዋስም አይታደልም። ወይዘሪት ቲትኮምም ሥራው በጥድፊያ እንዳይሠራ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አይቶና አገላብጦ እንዲመርጥ ጊዜ እንዲሰጠው አጥብቀው ያምኑ ነበር።

የሠረገላው ቀለም ጉዳይ እስከ ዛሬ በፈገግታ የሚወሳ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ስለ ነበር፣ በሩቅ ያዩት ገበሬዎች የሬሳ ሣጥን መጫኛ መሰላቸው። በዚህ ቤት የሞተ የለምና እለፉ እያሉ የመለሱትም እንደ ነበሩ ተጽፏል። ከዚህ የተነሣ መንኮራኩሮቹና በሮቹ ቀይ ቀለም ተቀቡ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ለማንኛውም ሠሪ ትምህርት አለው። በጥንቃቄ የተሠራ ዕቃ እንኳ ተጠቃሚው በምን ዐይን እንደሚያየው ካልታወቀ ከደጃፍ ይመለሳል። ይህን የሚያውቀው ደግሞ በቢሮ የተቀመጠው ሳይሆን ሠረገላው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1910 ሠረገላው በባቡር ማቋረጫ ላይ ከጭነት ባቡር ጋር ተጋጭቶ ተሰባበረ። በዚህም አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1912 ግን በሞተር ተሽከርካሪ ተተካ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ለተሠራጨው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ይህች የሐገርስታውን ሠረገላ እንደ ቀደምት ምንጭ ትቆጠራለች።

ሕግ ያወጣው የሒሳብ መምህር

ሐገርስታውን በተግባር ያደረገችውን በሐሳብ ደረጃ ያደራጁት ህንዳዊው ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን ናቸው። እኚህ ሊቅ መጀመሪያ የሒሳብ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነው ሲሾሙ ሥራውን በሒሳብ ሰው ዐይን አዩት። የተዘበራረቀውን ልማድ ወደ ጥቂት መሠረታዊ ሕጎች መመለስ እንደሚቻል አምነው እ.ኤ.አ. በ1931 አምስት ሕጎችን የያዘ መጽሐፍ አሳተሙ።

የሕጎቹ ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። መጻሕፍት የሚቀመጡት ለአገልግሎት እንጂ ለጥበቃ አይደለም። ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚሆነው መጽሐፍ ሊገኝለት ይገባል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍም የሚሆነው አንባቢ ሊፈለግለት ይገባል። የአንባቢው ጊዜ በከንቱ ሊባክን አይገባም። በመጨረሻም ቤተ መጻሕፍት እያደገ የሚሄድ ሕያው አካል ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የትንሽ ከተማ ሠራተኛን የሥራ ዝርዝር ያነበበ ያህል ነው። ዝርዝርና ቁጥር መጽሐፍን ከቦታው ያስገኛሉ፤ መጽሐፉን ከሰው ጋር የሚያጋጥመው ግን ሁለቱንም የሚያውቅ ሠራተኛ ነው።

የሚያስደንቀው ነገር፣ መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ1931 በደቡብ ህንድ በምትገኘው የማናርጉዲ ከተማ በበሬ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ መጀመሩ ነው። ሐሳቡን አፍልቀው ጋሪውን ያሠሩት በሙያቸው መሐንዲስ የነበሩት ካናጋሳባይ ፒላይ ሲሆኑ፣ መርቀው የከፈቱትም ራንጋናታን ራሳቸው ነበሩ። መሐንዲሱ የመረጡት ያካባቢው ገበሬ የሚያውቀውን፣ ቢሰበር የመንደሩ አናጢ የሚጠግነውን ጋሪ ነበር። በጋሪው የሚሄደው ሠራተኛም መንደር በገባ ቁጥር የሰዎቹን ጥያቄ ሰምቶ ለሚቀጥለው ጉዞ መጽሐፍ መምረጥ ይችላል። መሣሪያውም ሰውየውም ከአንባቢው አቅምና ኑሮ ጋር እንዲመጣጠኑ ታስቦ ነበር ማለት ነው።

በኬንተኪ ተራሮች ላይ

ከሁሉም ይበልጥ የሠራተኛውን ድርሻ ጎልቶ የሚያሳየው ታሪክ በምሥራቅ ኬንተኪ ተራሮች የተፈጸመው ነው። በዚያ አካባቢ መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል። መንገደኛው የወንዝ ወለል ተከትሎ፣ የገደል ጥግ ይዞ ነው የሚጓዘው። እ.ኤ.አ. በ1913 በፔይንትስቪል ከተማ በፈረስ መጽሐፍ የማዳረስ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡን ይሰጡ የነበሩት ባለጸጋ በማግሥቱ ዓመት ሲሞቱ ሥራውም አብሯቸው ቆመ። አንድ ለጋሽ ላይ ብቻ የቆመ ሥራ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከሃያ ዓመት በኋላ በዓለም ላይ የደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት የኬንተኪን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ከሥራ አፈናቀለው። በዚህ ጊዜ ለሥራ አጦች ሥራ እንዲፈጥር የተቋቋመው ወርክስ ፕሮግረስ አድሚኒስትሬሽን የተባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1935 የፈረስ ቤተ መጻሕፍቱን እንደገና አቋቋመ። መንግሥት የሚከፍለው የሠራተኞቹን ደመወዝ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በወር 28 ዶላር ያህል ነው። መጻሕፍቱ በእርዳታ የሚሰበሰቡ ናቸው፤ ማከማቻውን የሚሰጠው ያገሬው ሕዝብ ነው፤ ፈረሱን ወይም በቅሎውን የምታቀርበው ሠራተኛዋ ራሷ ናት። ከእነዚህ ፈረሰኞች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው በሳምንት ከ160 እስከ 190 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ይጓዙ ነበር፤ አንድ ቤትም በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይጎበኝ ነበር።

በማከማቻው የሚቀሩት ሠራተኞች ብልሃት ለማንም የእጅ ባለሙያ የሚያስቀና ነው። የአይብ ሣጥኖችን የካርድ ማስቀመጫ አደረጉ። አሮጌ የመኪና ታርጋ አጥፈው መጻሕፍቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሠሩበት። ሰዎች ያነበቡበትን ለማስታወስ ገጽ እያጠፉ መጽሐፉን ስላበላሹ፣ ያለፉ የገና ካርዶችን ሰብስበው ዕልባት እንዲሆኑ አከፋፈሉ። ከአገልግሎት የወጡ ጋዜጦችንና መጽሔቶችንም አልጣሉም። የምግብ አሠራሩን፣ ከቁራጭ ጨርቅ የሚሰፋውን የብርድ ልብስ ንድፍ፣ የጤናና የልጅ አስተዳደግ ምክሩን እየቆረጡ በደብተር ላይ ለጠፉና አዲስ መጽሐፍ አደረጉት። እንዲህ ያለው ደብተር በመጨረሻ ከ2,000 በላይ ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለጥፎ የተሠራው ደብተር ከውጭ የመጣ መጽሐፍ አይደለም። አንዲት እናት በአንዱ መንደር የምታውቀው የብርድ ልብስ ንድፍ በደብተሩ ገብቶ ወደ ሌላው ሸለቆ ይሻገራል። ስለዚህ ፈረሰኛዋ መጽሐፍ አድራሽ ብቻ ሳትሆን አንባቢዎቿ የሚፈልጉትንና የሚያውቁትን የምትሰበስብ ነበረች። ከማከማቻው የጠፋውን ዓይነት መጽሐፍ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሠሩት ማለት ነው።

ሰዎቹ ምን ይወድዱ ነበር? በጣም ከተጠየቁት መካከል የማርክ ትዌይን ድርሰቶችና ሮቢንሰን ክሩሶ ይገኙባቸዋል። ሴቶቹ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና የሚናገሩ መጽሔቶችን አጥብቀው ይሹ ነበር። ሥዕል ያለባቸው የልጆች መጻሕፍትም እጅግ ይፈለጉ ነበር። ይህም ለልጆቹ ብቻ ተብሎ አልነበረም። በዚያ ዘመን በምሥራቅ ኬንተኪ ከጎልማሶቹ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበርና፣ ፊደል የቆጠረው ልጅ ያነብላቸዋል፤ እነርሱም ሥዕሉን እየተመለከቱ ያዳምጣሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ከሩቅ ሆኖ ዝርዝር ቢያወጣ ኖሮ ለአባትየው ስለ ግብርና የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ በላከለት ነበር። ፈረሰኛዋ ግን የሥዕል መጽሐፉን ይዛ ሄደች፤ አባትም ልጅም በአንድ መጽሐፍ ተጠቀሙ።

እምነት ማግኘቱም ቀላል አልነበረም። የተራራው ሕዝብ ባዕድን ይጠራጠራል። ለዚህ ሲባል ፈረሰኞቹ ከዚያው ካካባቢው ተወላጆች ይመረጡ ነበር። ምን ሊያመጡብን ነው ብለው በሚሠጉ ቤተሰቦች ዘንድም አስቀድመው መጽሐፍ ቅዱስ ጮክ ብለው በማንበብ ፍርሃቱን ያበርዱ ነበር። በሩ የሚከፈተው በታወቀው መጽሐፍ ነው፤ ያልታወቀው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1936 ለ50,000 ያህል ቤተሰቦች፣ በ1937 ደግሞ ለ155 ትምህርት ቤቶች ይደርስ ነበር። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1943 ሲዘጋ ደመወዙ ቆመ፤ ደመወዙ ሲቆም ፈረሰኞቹ ወረዱ። መጻሕፍቱ አልጠፉም፤ መንገዱም ያው መንገድ ነበር። የጠፋው በየትኛው ሸለቆ ምን ዓይነት አንባቢ እንዳለ የሚያውቀው ሰው ነው። ያ እውቀት በማንም መዝገብ አልሰፈረምና ሊተካ አልቻለም። በብዙ ቀበሌዎች ተሽከርካሪ ቤተ መጻሕፍት እስኪመጣ ድረስ ረጅም ዓመታት አለፉ።

ፍሬው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ከፈረሰኞቹ መጻሕፍት ይደርሱበት ከነበሩት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ያስተምሩ የነበሩት ካርል ፐርኪንስ ኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1956 የሕዝብ ብዛታቸው ከ10,000 በታች ለሆነ አካባቢዎች የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የሚረዳው ሕግ ሲወጣ ከደጋፊዎቹ ግንባር ቀደም አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በበቅሎ ጀርባ የተጫነው መጽሐፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ሕግ ሆኖ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከማእከል የሚላክ ዝርዝር

በሌላ ወገን የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በልዩ ልዩ የእውቀት ዘርፎች ሊቃውንትን እያስጻፈ፣ በዘርፉ ሊነበቡ የሚገባቸውን ጥቂት መጻሕፍት የሚጠቁሙ ትናንሽ ጥራዞች ያሳትም ነበር። ሥራው የሚመሰገን ነው። ሊቁ በሙያው ከትንሽ ከተማው ሠራተኛ ይልቅ የትኛው መጽሐፍ ትክክለኛ እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ሊቁ የማያውቀው ነገር አለ። አንባቢው ባለፈው ሳምንት መጽሐፍ ጀምሮ ለምን እንደ ተወ፣ ዐይኑ ደቃቅ ጽሕፈት እንደማይችል፣ ወይም በቅርቡ ኀዘን እንደ ደረሰበት ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ዝርዝሩና ሠራተኛው አንዱ ሌላውን የሚተኩ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ ናቸው።

የሠራተኛውም ምርጫ ነቀፋ የለበትም አይባልም። የራሱን ጣዕም እንደ ሁሉ ሰው ጣዕም ሊቆጥር ይችላል። ያልወደደውን ሊደብቅ ይችላል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካና በእንግሊዝ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊዎች መካከል ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ ያቅርብ ወይስ አያቅርብ በሚለው ላይ ብርቱ ክርክር ነበር። አንዳንዶች የፍቅር ታሪክ አእምሮን ያበላሻል፣ የሕዝብ ገንዘብም ሊወጣበት አይገባም ይሉ ነበር። ሌሎች ደግሞ ቀላሉን ያላነበበ ከባዱን አያነብም ብለው መለሱ። ይህ ክርክር በኢትዮጵያዊ ሕይወት መልስ ያገኘበት አጋጣሚ አለ፤ እርሱም ቀጥሎ ይታያል።

በአገራችን

በአገራችን መጽሐፍን ከአንባቢ ጋር የማገናኘት ሥራ ጥንታዊ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ መጽሐፍ ቤት የሚገባው ተማሪ በብሉያት፣ በሐዲሳት፣ በሊቃውንት ወይም በመነኮሳት መጻሕፍት ይሠማራል። የተማሪውን አእምሮና ትዕግሥት መዝኖ የሚመራው መምህሩ ነው። መጽሐፉ አንድና ውድ በነበረበት ዘመን ለማይሆነው ሰው መስጠት ኪሣራ ነበር። በዘመናዊው መልክ ደግሞ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እያስተማረ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ፊደል አስቆጠረ። ዘመቻውን ተከትሎም በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። የዚህ ሥራ ታላቅነት አያከራክርም። ሆኖም ትናንት ፊደል የለየ ገበሬ በንባብ ቤቱ መደርደሪያ ፊት ሲቆም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ስሙንና ኑሮውን የሚያውቅ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ የሚያወጣው ሰው ነው። ያለ እርሱ ፊደሉ ራሱ ውሎ አድሮ ይዘነጋል። የተማረ እጅ በማያነብ ዐይን ላይ ሲቀር ጉዳቱ የግለሰቡ ብቻ ሳይሆን ዘመቻውን ያካሄደው ሕዝብ ጭምር ነው።

መጽሐፍን ለሕዝብ በማስተዋወቅ ረገድ ሬዲዮም የማይረሳ ድርሻ ነበረው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጁ ጨብጦ የማያውቀው ሁሉ ባለታሪኮቹን እንደ ጎረቤቱ ለየ። አንድ ሰው የወደደውን መጽሐፍ በልቡ አድርጎ ሲያነብ ለሰሚው ከሁሉ የበለጠ ጥቆማ እንደሚሆን ይህ ማስረጃ ነው።

የልብ ወለዱን ክርክር በሕይወታቸው የመለሱት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። በነገሌ ቦረና ያደጉት አቶ ዮሐንስ ከትምህርት ቤት መጻሕፍት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው እንደ ነበር፣ እርሱም ቀላል የፍቅር ልብ ወለድ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ከዚያች መጽሐፍ የተነሣው ፍቅር ከስደት በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠራተኛ አደረጋቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። በሐዋሳ አካባቢም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት በእርሳቸው ድርጅት አማካይነት ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያዋን መጽሐፍ ጠንካራ አይደለችም ብሎ የሚነጥቅ ጠባቂ ቢያጋጥማቸው ኖሮ የዚህ ሁሉ መነሻ በዚያው በቀረ ነበር።

ከሐገርስታውን ፈረሶች፣ ከማናርጉዲ በሬዎችና ከኬንተኪ በቅሎዎች በኋላ የሐዋሳ አህያ መምጣቷ ድንገተኛ መመሳሰል አይደለም። ችግሩ አንድ በመሆኑ በአራት ቦታ የተለያዩ ሰዎች ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ ደረሱ። በሁሉም ዘንድ ተሽከርካሪው ካካባቢው የተገኘ ነው፤ ከተሽከርካሪው ጋር የሚሄደውም መጽሐፉንም ሰውንም ለማወቅ የሚተጋ ሰው ነው።

በፕላኑ ላይ ያለ ቦታ

በአሁኑ ዘመን ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት እየተሠሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ምሳሌ ነው። በክልል ከተሞችም ተመሳሳይ ሥራ በመሐንዲሶች እጅ ያልፋል፤ ወደፊትም ያልፋል። የመደርደሪያው ክብደት በወለሉ ላይ ይሰላል፤ የብርሃኑ መጠን፣ የአየሩ ዝውውርና የእሳት መከላከያው ይታሰባል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ናቸው። የሠራተኛው ጠረጴዛ ግን በብዙ ፕላን ላይ የሚገባው በመጨረሻ፣ በተረፈው ጥግ ነው።

ታሪኩ የሚያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጠረጴዛው ገቢው ሁሉ በሚያየው፣ ሠራተኛውም መደርደሪያውንና በሩን አንድ ላይ በሚመለከትበት ስፍራ ሊሆን ይገባዋል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው አንድ መጽሐፍ የሚያገላብጡበት ቦታ ሊተውለት ይገባል። በበጀቱም ላይ የሠራተኛው ደመወዝ ለሕንጻው ጥገና እንደሚመደበው ገንዘብ ሁሉ በየዓመቱ የሚታሰብ ሊሆን ይገባል፤ በፔይንትስቪልም ሆነ በኋላው የኬንተኪ ሥራ ሁሉን ያቆመው የገንዘቡ መቋረጥ ነውና። ሠራተኛውም በበኩሉ ለማን ምን እንደ ሰጠ፣ ምን እንደ ተወደደና ምን ሳይነበብ እንደ ተመለሰ በአንድ ደብተር ቢመዘግብ፣ እርሱ ሲለወጥ እውቀቱ ለተተኪው ይተርፋል። ደብተሩ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያነሰ ነው።

ቦኖ ተሠርቶ ቁልፍ ያዥ ካልተቀጠረለት ቧንቧው ሙሉ ሆኖ መንደሩ ይጠማል። ይህን ከመሐንዲሶች የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጆሹዋ ቶማስ ሕንጻ እየጠረጉ፣ የኬንተኪ ሴቶችም በወር 28 ዶላር በበቅሎ እየተጓዙ የጠበቁት ቁልፍ ይህንኑ ይመስል ነበር።